ከሥላሴ እስከ ገብርኤል

ባለቤቴ ዴንቨር አየር ማረፊያ ዊልቸር ትገፋለች። የሰው እናትና አባት ከበር ወደ በር ስትገፋ አሥራ አራት ዓመት ስላለፋት፣ ለዕረፍት በአውሮፕላን እንሂድ ያላትን ሰው ጠላቷ አድርጋ ነው የምታየው። «እኔ ዕረፍት የምወጣው እሱን ላለማየት ነው» ትላለች። እኔም ታክሲ የምነዳው እዚያው ነው፤ ከቤታችን ከሃቫና ስትሪት አካባቢ እስከ አየር ማረፊያው ያለውን መንገድ ዓይኔን ጨፍኜ ብነዳው የምስተው አይመስለኝም። ስለዚህ ልጃችን በባቡር ወደ ምዕራብ ጠረፍ ሂዱ፣ ከዚያ መርከብ ተሳፍራችሁ እስከ አላስካ ተንሸራሸሩ ብላ ሁለቱን አገናኝታ ሪዘርቭ ስታደርግልን የተከራከራት የለም።

ለባለቤቴ ነገሩ ከዕረፍትም በላይ ነበር። ያደገችው ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ ከምድር ባቡር አጠገብ ነው። እናቷ ገና በልጅነቷ ስለሞተች ያሳደገቻት ታላቅ እህቷ ናት፤ በልብስ ስፌት መኪና፣ የተማሪ ዩኒፎርምና መጋረጃ እየሰፋች። እትዬ ነው የምትላት። እትዬ ደግሞ እሷን «ጭራዬ» ትላታለች፣ በየሄደችበት ከኋላዋ ስለማትጠፋ። ሁለቱ አንድ ቀን ባቡሩን ተሳፍረን እስከ ጅቡቲ እንወርዳለን፣ ባሕር እናያለን እንደተባባሉ ባቡሩ አረጀ። ጭራዋም ዲቪ ደርሷት አሜሪካ ገባች። እናም የኛ ጉዞ ሲቆረጥ እትዬ በስልክ እንዲህ አለቻት፦ «በያለሽበት በድምፅ እየላክሽልኝ ሂጂ። እኔም አብሬሽ እንደተሳፈርኩ ይቆጠርልኝ።»

ሳልሸፋፍን ከመጀመሪያው ልናገረው። እትዬ የሞተችው እኛ በተሳፈርንበት ቀን ነው። እኔ አወቅኩ፤ ባለቤቴ አላወቀችም። ሳልነግራት አሥራ አምስት ቀን አብሬያት በባቡርና በመርከብ ዞርኩ።

ቀኑን የመረጠችው ራሷ ባለቤቴ ነበረች። የሐዋርያት ጾም ከተፈታ በኋላ ይሁን፣ መርከብ ላይ ያንን ሁሉ ምግብ እያየሁ ሽሮ ልጠይቅ ነው ወይ አለች። ሐምሌ ሰባት ሆነ፣ ሥላሴ። ዩኒየን ስቴሽን በጠዋት ደረስን፤ ልጃችን መኪናዋን ፓርክ ልታደርግ ሄደች፣ ባለቤቴ ሻይ ልትገዛ ተሰለፈች፣ እኔ ሻንጣ እየጠበቅኩ ቆምኩ። ስልኬ ጠራ። የእትዬ ልጅ ናት፤ የሃያ ስምንት ዓመት ልጅ፣ ለእናቷ አንድ ናት። ለባለቤቴ ሳይሆን ለእኔ መደወሏን ሳይ፣ ገና ሃሎ ሳልል ገባኝ። የኛ ሰው ለባል የሚደውለው መቼ እንደሆነ ይታወቃል።

«ጋሼ፣ አጠገብዎ ናት?» አለችኝ።

«የለችም።»

«እማዬ አረፈች።»

አስቀድሳ ተመልሳ፣ ትንሽ ደከመኝ ብላ፣ ከስፌት መኪናዋ ፊት ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች ነው። ደም ግፊት እንዳለባት እናውቅ ነበር። እንዲህ ቶሎ ይሆናል ያለ ግን አልነበረም።

ወደ ውጪ ወጥቼ ለአንድ አዛውንት ደወልኩ። እኛ በምንኖርበት በኦሮራ መርዶ በሚነገርበት ቤት ሁሉ ቀድመው የሚገቡት እሳቸው ናቸው፤ ሰው በር ላይ ሲያያቸው ገና ሳይናገሩ ይገባዋል። ነገርኳቸው።

«የት ናችሁ አሁን?»

«ባቡር ጣቢያ አባባ። ልንሳፈር ሃያ ደቂቃ ቀረን።»

«ስማኝ ልጄ። ለቅሶ ትድረስ ብትል እንኳን አትደርስ፤ ነገ ይቀበራል። እዚያ ባቡር ውስጥ ብትነግራት ማን ይይዛታል? ፈረንጁ ሁሉ ዞር ብሎ ሲያያት ልትቀመጥ ነው? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ። ስትመለሱ በጠዋት ሰው ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያ ሆድ ይፍጀው።»

ልጃችን ከመኪና ማቆሚያው ስትመለስ ፊቴን አየችና ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። «ዳዲ፣ አሁኑኑ ንገራት!» አለች። «ሺ ኢዝ ኖት ኤ ቻይልድ! ሲስተሯ እኮ ናት!» እኔ ደግሞ አንቺ እዚህ ተወልደሽ የኛን ወግ ምኑን ታውቂዋለሽ ብዬ ተቆጣኋት። አለቀሰች። እናቷ ሻይዋን ይዛ ስትመጣ ገና ሳንሄድ የናፈቅናት መሰላትና አቅፋ አሳቀቻት።

ሁሉንም በሽማግሌው ላይ ላላክክ አልችልም። ጉዞው ይቀርብኛል ብዬም ፈርቻለሁ። ሁለት ዓመት ስጠብቀው የነበረ ነገር ነው፤ አንድ ጊዜ እንኳን ባለቤቴ የደንብ ልብሷን አውልቃ ስትስቅ ላያት ፈልጌ ነበር። ፍርሃቴ ሰበብ ፈለገ፣ እኔም ወጉን ሰበብ አደረግኩለት። «ሥላሴ ይከተሉን» ብላ አማተበችና ተሳፈርን።

ባቡሩ ከዴንቨር ወጥቶ ተራራውን ሲጀምር ከተማው ወደኋላ ሜዳው ላይ ተዘርግቶ ይታያል። ጣራው ድረስ መስታወት የሆነ ፉርጎ ውስጥ ነው የተቀመጥነው። ባለቤቴ ስልኳን አፏ ላይ አድርጋ ትናገራለች፦ «እትዬ፣ እየወጣን ነው። እንዲህ ያለ ጥምዝ አይተሽ አታውቂም። ያንቺ ባቡር ቢሆን ኖሮ እዚህ ጋ ወርደን እንገፋው ነበር።» ራሷ ትስቃለች። ከዚያ ረጅሙ ዋሻ ውስጥ ገባን፤ አሥር ደቂቃ ያህል ጨለማ ነው። ክንዴን ያዘችኝ። በጨለማው ውስጥም መናገሯን አላቆመችም፤ «እትዬ፣ ዋሻ ገባን፣ ትሰሚኛለሽ?» ትላለች። እኔ መስኮቱ ላይ የራሴን ፊት እያየሁ ስለነበር ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ከዋሻው ስንወጣ ፀሐይ ወጣ፣ ወንዙ መጣ፣ እሷም መልዕክቱን ላከችው።

ማንም ያላሰበው ነገር ይህ ነበር። እኔ ማልቀሷን ነው የፈራሁት፤ ዘመድ ወዳጁን ሁሉ ፌስቡክ ላይ እንዳትለጥፉ ብዬ ደጋግሜ አደራ ያልኩትም ለዚያ ነው። ባለቤቴ ግን በየሰዓቱ ለሞተች ሴት እየነገረች መልስ ትጠብቃለች። «ዛሬ ምን ሆናለች? አላዳመጠችውም እኮ» አለች ቀትር ላይ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ «ልደውልላት» አለች። መስመር የለም አልኳት፤ ደግነቱ በዚያ ሸለቆ ውስጥ እውነትም የለም።

ባቡሩ ትንሽ ቆየት በሚልበት አንድ ጣቢያ ላይ እግሬን ላፍታታ ብዬ ወርጄ ወደ ድሬዳዋ ደወልኩ። የእትዬ ልጅ አነሣችው፤ ከኋላዋ የሴቶች ድምፅ ይሰማኛል። «መልዕክቶቹን መልሺላት» አልኳት። «ጉሮሮዋን አሟታል፣ መናገር አልቻለችም፣ በጽሑፍ ነው የምትመልሰው በይ።» ድሮም እናቷ ስትናገር የምትጽፍላት እሷ ስለነበረች ያስኬዳል። ልጅቷ «ጋሼ፣ አስከሬኑ ገና ቤት ነው» አለችኝ። አውቃለሁ አልኳት። ጻፊ አልኳት። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ የእናቷ ሬሳ ፊት ለፊቷ ተኝቶ፣ ባቡሩ ይመቻል ወይ ብለሽ ጻፊ አልኳት።

ጻፈች። ተመልሼ ስገባ ባለቤቴ ስልኩን ወደ እኔ አዞረችው። «ጭራዬ፣ ጉሮሮዬ ተዘግቷል። አንቺ ተናገሪ፣ እኔ እሰማለሁ። ባቡሩ ይመቻል?» ይላል። ጭራዬ በይ አላልኳትም ነበር። ያንን ያመጣችው ልጅቷ ራሷ ናት።

ራት የሚበላበት ፉርጎ ውስጥ ጠረጴዛው ለአራት ነው፤ ቦታ ከጎደለ የማይተዋወቅ ሰው አብሮ ይቀመጣል። ለእኛ የደረሰን አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ነበሩ፤ አራተኛው ወንበር ባዶ ሆነ። አስተናጋጁ መጥቶ ሌላ ሰው ይመጣል ወይ ብሎ ጠየቀ። ባለቤቴ ነጠላዋን ወንበሩ ላይ ጣል አድርጋ «ማይ ሲስተር» አለችና ሳቀች። አስተናጋጁም ሳቀ። እኔ ዳቦዬን ትቼ ሽንት ቤት ሄድኩ፤ እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ባቡሩ ወዲያና ወዲህ ሲያንገላታኝ ግድግዳ ይዤ አለቀስኩ። እትዬን እወዳት ነበር። ሠርጋችን ጊዜ በፖስታ ሱሪዬን ሰፍታ የላከችልኝ እሷ ናት፤ ልኬን በስልክ ጠይቃ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ባሕሩ ዳር ደረስን፣ አንድ ሌሊት ሆቴል አድረን መርከቡ ላይ ወጣን። አሥር ቀን ነው። መርከቡን ለማያውቅ ሰው፣ ተኝቶ የሚሄድ የገበያ አዳራሽ ነው ብል ይገባዋል፤ ሰው ይበላል፣ ይሄዳል፣ እንደገና ይበላል። ባለቤቴ በሦስተኛው ቀን እንደ ልጅ ሆነች። የምታየውን ሁሉ ለእትዬ ትነግራለች፤ ዓሣ ነባሪ፣ ጭጋግ፣ ጥርሱን እየፋቀ የሚሮጥ ሽማግሌ። እትዬም ትመልሳለች። «ያ ሽማግሌ ሚስት የለውም?» ትላለች። «ውኃው ይሸታል ወይስ አይሸትም?» ትላለች። ልጅቷ የእናቷን አነጋገር ሳትጨምር ሳትቀንስ ነበር የምትጽፈው። አንዳንዴ እኔም እረሳለሁ። አንድ ጠዋት ቁርስ ላይ ባለቤቴ ስትልክላት አየኋትና «ሰላም በያት» አልኳት፣ ከልቤ። እጄ ላይ ያለው ሹካ ቀዘቀዘኝ። ከሁለት ደቂቃ በኋላ ባለቤቴ «አንተንም ሰላም ብላሃለች» አለችኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ መርከቡ ላይ ሦስት ሆነን እንደምንሄድ ተሰማኝ። አላጋነንኩም። ሊፍት ውስጥ ስንገባ ለሰው ቦታ እንደምለቅ ጠጋ እል ነበር። ባለቤቴ የባሕር ሕመም ነው ብላ ሎሚ ገዛችልኝ።

በስድስተኛው ቀን ይመስለኛል የበረዶ ግግሩ ጋ ደረስን። መርከቡ ሞተሩን ቀንሶ ቆመ፤ ሰው ሁሉ ሰገነቱ ላይ ወጥቶ ፎቶ ያነሣል። ባለቤቴ ብርድ ልብስ ተከናንባ ከሰው ራቅ ብላ ቆመች። እኔ ከመስታወቱ ወዲህ ሆኜ አያታለሁ። ስልኩን አፏ ላይ አድርጋ ተናገረች፣ ተናገረች፣ አላቆም አለች። ይሄን ያህል ስለ በረዶ ምን ይባላል ብዬ ነበር። ስትገባ ዓይኗ ቀልቷል። «ነፋሱ ነው» አለች።

በማግስቱ መርከቡ አንዲት ዓሣ ዓሣ የምትሸት የወደብ ከተማ ላይ አቆመን። ባለቤቴ ለእትዬ ሹራብ ልትመርጥ ሱቅ ገባች። ስልኬ ላይ «ጋሼ፣ ይደውሉልኝ» የሚል መልዕክት ነበር። ደወልኩ።

«አክስቴ የላከችውን ሰምተዋል?» አለችኝ።

«አልሰማሁም።»

«ይስሙት» አለችና በሌላ ስልክ ከፈተችልኝ።

የባለቤቴ ድምፅ ነው፣ ከነነፋሱ። «እትዬ፣ ፊት ለፊትሽ ሆኜ መናገር አቅቶኝ ሃያ አራት ዓመት ሆነኝ። የዚያን ዓመት ዲቪ ስንሞላ፣ የእኔንም ያንቺንም ፎርም ፖስታ ቤት እንዳስገባ ሰጥተሽኝ አልነበር? ከአንድ ቤት ሁለት እህትማማች ከላኩ ሁለቱንም ይሰርዙታል ብለው ሰዎች ነገሩኝ። የእኔን አስገባሁ። ያንቺና የልጅሽ ፎቶ ያለበትን ፖስታ ከፖስታ ቤቱ ጀርባ ቀደድኩት። አንቺ እስከ ዛሬ ዕድል የለኝም እያልሽ ትስቂያለሽ። ዕድልሽን የቀደድኩት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ፣ እትዬ። ይቅር ካልሽኝ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ባለቤቴን ሃያ ሁለት ዓመት ነው የማውቃት። ካፒቶል ሂል ኮልፋክስ ዳር አንድ ክፍል ተከራይተን ስንኖር ጀምሮ በእንቅልፏ ፖስታ ፖስታ ትላለች፤ የዲቪ ናፍቆት ነው እያልኩ እቀልድባት ነበር።

«ምን ልበላት?» አለች ልጅቷ።

ሱቁ መስኮት ውስጥ ባለቤቴ ሹራቡን ደረቷ ላይ ለክታ መስታወት ታያለች። የእትዬ ልክ ከእሷ ጋር አንድ ነው።

«ይቅር ብዬሻለሁ በያት» አልኩ።

«እማዬ እንዲህ የምትል ይመስልዎታል?»

«ሌላ ምን ትላለች? እናትሽ ቂም ታውቃለች? ጻፊላት፣ የኔ ልጅ።»

«እሺ፣ ጋሼ» አለችኝ። እኔ ያን ሰዓት ያሰብኩት ስለ ባለቤቴ ብቻ ነበር። ስለ ልጅቷ ምንም አላሰብኩም።

መልሱ የመጣው ወደ መርከቡ ስንመለስ ነው። «ይቅር ብዬሻለሁ» የሚል ብቻ፤ ጭራዬም የለበትም፣ ቀልድም የለበትም። ባለቤቴ አነበበችው፣ አነበበችው፣ ከዚያ እዚያው መወጣጫ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። የመርከቡ ሠራተኛ ዊልቸር ላምጣ ወይ ብሎ ሲጠይቃት ሳቋ መጣ። ያን ቀን ያየሁትን ፊቷን ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም። ሰው ሸክሙ ሲቀልለት ይታያል ለካ። ለመጨረሻው የእራት ግብዣ እትዬ የሰፋችላትን ቢጫ ቀሚስ ለብሳ ወረደችና አስነሥታኝ ደነስን። ፎቶ አንሺው ብዙ ፎቶ አነሣን። በሁሉም ላይ እሷ ትስቃለች፤ እኔ ከትከሻዋ በላይ ሌላ ቦታ ነው የማየው።

እንግዲህ ያ መልስ ከመጣ በኋላ ነገሩ መርዶን የማቆየት ወግ አልነበረም። እትዬ የሞተችው በሥላሴ ከሆነ ይቅርታውን የላከው ማን ነው? ስንመለስ በባቡሩ ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ያሰብኩት ይህንኑ ነው። ከይቅርታው ወዲህ ልጅቷ ሌላ አልጻፈችም፤ ባለቤቴ ሕመሙ ጠንቶባት ነው ትላለች። ባቡሩ ጣቢያ ሲቆም ወርጄ ለኦሮራው ሽማግሌ ደወልኩ። የሞተችበትን ቀን ለውጠው፣ እኛ ልንመለስ ስንል ነው ብለው እንዲነግሯት ለመንኳቸው። ስለ ይቅርታው አልነገርኳቸውም፤ እህቷ ከሞተች በኋላ ስትደንስ እንደሰነበተች ካወቀች ራሷን ትጎዳለች ብቻ አልኩ።

«መርዶ ማዘግየት አውቃለሁ» አሉኝ። «የሞት ቀን መለወጥ ግን አድርጌው አላውቅም። ጸሎቱስ? አርባውስ?»

«እባክዎ አባባ» አልኳቸው። ተነፈሱ። «የድሬ ልጅ አይደለች? ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ፣ በቁልቢ ገብርኤል ይሁን» አሉ። «ቢያንስ ትጽናናበት።»

ዴንቨር በገባን በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ መጡ። መኪኖቻቸውን ራቅ አድርገው አቁመው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወደ ሃያ ሰው ይሆናሉ፤ ልጃችንም መሃላቸው ቆማለች። ባለቤቴ በሩን የከፈተችው ሹራቡን ለድሬ ተጓዥ ልታሽግ ወረቀት በእጇ ይዛ ነው። ሽማግሌውን አየች። «እትዬ ናት» አለች። ማንም መናገር አላስፈለገውም። ጩኸቷን ሰምቶ ጎረቤታችን ሲወጣ ልጃችን ሄዳ አስረዳችው። ሴቶቹ ያዟት፤ እውነትም ብዙ ሰው ያስፈልግ ነበር።

ስትደክም «መቼ?» አለች።

ሽማግሌው ወደ እኔ አላዩም። «በገብርኤል ልጄ። በቁልቢው» አሉ።

ለቅሶዋን አቆመችና ጣቶቿን ቆጠረች። «ይቅር ብላኝ ነው የሄደችው» አለች። ሰዉ እንደ ወግ ሰምቶ አሜን አለ። በሦስተኛው ቀን ሰው ሲቀንስ እኔን አጠገቧ አስቀምጣ የፖስታውን ነገር ነገረችኝ፤ አዲስ እንደሆነብኝ ሆኜ ሰማኋት። «ይቅርታዋን ባልቀበል ኖሮ አብድ ነበር» አለችኝ። እኔም ተመስገን አልኩ።

አርባው ሲደርስ ከገብርኤል ቆጥራ ደገሰች። እውነተኛው አርባ ያለፈው ከዚያ በአሥራ ሁለት ቀን ቀድሞ ነው። በዚያ ቀን ሁለት ጥሪ ትቼ ታክሲዬን ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አቁሜ ለብቻዬ ሻማ አበራሁ። ቄሱ ለማን ነው ሲሉኝ የእትዬን የክርስትና ስም ነገርኳቸውና ለማንም እንዳይነግሩ ለመንኳቸው። ባለቤቴ በየወሩ አሥራ ዘጠኝን ታስባለች፣ ዳቦ ትቆርሳለች። እኔ በየወሩ ሰባትን አልረሳም። በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሙት ነበረን፤ የሷ ሰላም ያላት ናት፣ የእኔ ግን በሊፍት፣ በባዶ ወንበር፣ በታክሲዬ የኋላ መቀመጫ ትከተለኛለች። መንገደኛ ሳልይዝ ስሄድ መስታወቱን ላለማየት ሬዲዮ እከፍታለሁ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ባለፈው ክረምት፣ ሙት ዓመቱ ካለፈ ከሳምንታት በኋላ፣ ከድሬ የመጣ ሰው ጥቅል አደረሰን። የእትዬ የልብስ ስፌት ጓደኞች ለመታሰቢያ ያሠሩት ፎቶ ነው፣ በክፈፍ። ከቅዳሴ ተመልሰን፣ ባለቤቴ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወረቀቱን ገለጠችው። እትዬ በስፌት መኪናዋ ፊት ናት። ከሥሩ የልደቷና የዕረፍቷ ቀን ተጽፏል።

«ኧረ በማርያም» አለች። «ሐምሌ ሰባት ብለው ጻፉት። ማተሚያ ቤቱ ተሳስቷል፣ አይደል?»

አዎ ብል ያልፍ ነበር። አዎ ለማለት አፌን ከፍቼም ነበር። ነገር ግን አንድ ዓመት ሙሉ በያዝኩት ውሸት ላይ ሌላ መጨመር አቃተኝ። ክፈፉን ወደ ራሴ ስቤ ቀኑን በጣቴ ዳሰስኩት። እሷም ጣቴን አየች።

«ሥላሴ» አለች ቀስ ብላ። «ባቡር የተሳፈርን ዕለት።» ወንበር ስባ ተቀመጠች። ዋሻውን፣ ሽማግሌውን ሯጭ፣ ዓሣ ነባሪውን ሁሉ አንድ በአንድ ስትቆጥር ፊቷ ላይ ይታየኛል። ቆጥራ ስትጨርስ «ታዲያ ይቅር ያለኝ ማነው?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «እኔ ነኝ ያስጻፍኩት።»

«አንተን ምን በደልኩህና?»

ትቆጣኛለች፣ ክፈፉን ትወረውራለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን «የጻፈችው ልጅቷ ናት?» አለች። አዎ አልኩ። «ሰምታዋለች? ሁሉንም?» አዎ አልኩ። እጇን አፏ ላይ አደረገች። ያኔ ነው እኔም የገባኝ፤ ዓመት ሙሉ ስለ ባለቤቴ ስጨነቅ፣ የዚያ የተቀደደ ፖስታ ባለቤት ማን እንደነበረች አንድ ቀን እንኳን አላሰብኩም። እናቷን ቀብራ የእናቷን የስፌት መኪና የወረሰችው እሷ ናት። እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጣ ዛሬም ዩኒፎርም ትሰፋለች።

ባለቤቴ ስልኳን አንሥታ ደወለች፣ እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ድሬዳዋ ምሽት ነው። ልጅቷ እንደ ሁልጊዜው ጤናችንን ጠየቀች፤ ፎቶው ደረሰ ወይ አለች።

«ደርሷል» አለች ባለቤቴ። «ቀኑንም አየሁት።»

ከወዲያኛው በኩል የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ።

«አክስቴ» አለች ልጅቷ፣ «ያን ጊዜ የጻፍኩት ጋሼ ያሉኝን ነው።»

«አውቃለሁ፣ ነገረኝ። ፖስታው ውስጥ ያንቺም ፎቶ ነበረ። አራት ዓመትሽ ነበር። ቀይ ሪባን አስረንልሽ ነው የተነሣሽው።»

«አዎ። ሰምቻለሁ።»

«የእናትሽን ተይው፣ እሷ ሄዳለች። አንቺስ? አንቺ ምን ትይኛለሽ?»

ባለቤቴ በሁለት እጇ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዛለች፤ እኔ ከመቀመጫዬ አልተነሣሁም።

«የእኔን ገና አልጻፍኩም፣ አክስቴ» አለች ልጅቷ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ዩኒፎርሙ አላለቀም ብላ ለደንበኛ እንደምትመልስ ነው የተናገረችው። ከዚያ ደህና ዋሉ ብላ ዘጋችው።